«የጊዜና የገንዘብ እጥረት»፦ ሁለት ችግር ወይስ አንድ?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ከተደረደሩት የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች አንዱን አንሥቶ የመጀመሪያውን ምዕራፍ መጨረሻ የገለጠ አንባቢ፣ «የጥናቱ ውሱንነት» በሚለው ንዑስ ርእስ ሥር አንድ የታወቀ ዓረፍተ ነገር የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ጥናቱ በጊዜና በገንዘብ እጥረት ምክንያት የታሰበውን ያህል ሊሰፋ አልቻለም የሚል። ዓረፍተ ነገሩ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ተማሪው ብዙም ሳያስብ ይጽፈዋል፤ ፈታኙም ብዙም ሳያነበው ያልፈዋል። በደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» እንደሚባለው ያለ ማሳረጊያ ሆኗል።

ዓረፍተ ነገሩ ተገቢው ትኩረት ቢሰጠው ግን ብዙ ነገር ይናገራል። ከሁሉ በፊት የሚናገረው ጊዜና ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደርገው መቆጠራቸውን ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ አቆጣጠር ትክክል አይደለም የሚል ነው። ለተማሪዎች ምርምር የሚመደበው ገንዘብ ትንሽ መሆኑ አያጠያይቅም። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምርና ሥርፀት እንዲያውሉ ግብ ካስቀመጠ ቆይቷል፤ በዩኔስኮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያ ድርሻ 0.27 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን ክፍተት አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሊደፍነው አይችልም። ትንሹን ገንዘብ ይበልጥ የሚያሳንሰው ግን መረጃው በማይገኝበት ወቅት በተማሪው እጅ መግባቱ ነው። ይህኛው ችግር በተቋማቱ በራሳቸው ሊታረም የሚችል ነው።

ሦስት የጊዜ ቀመሮች

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና በማግሥቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የትምህርት ዘመኑ በመደበኛው አቆጣጠር በመስከረም ወይም በጥቅምት ተከፍቶ በሰኔ ይጠናቀቃል። ሦስተኛው ቀመር የተፈጥሮና የማኅበረሰቡ ነው፤ የዝናቡ፣ የዘሩ፣ የአዝመራው፣ የበሽታው፣ የበዓሉ። ተመራማሪ ተማሪ እነዚህን ሦስት ቀመሮች ባንድ ጊዜ ማገልገል ይጠበቅበታል።

አሠራሩ ከተቋም ተቋም ቢለያይም በብዙዎቹ ዘንድ የተለመደው ሂደት እንደሚከተለው ነው። አዲሱ በጀት ከታወቀና የትምህርት ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ የድጋፍ ማመልከቻ ጥሪ ይወጣል። ተማሪው ፕሮፖዛሉን በትምህርት ክፍሉ ፊት ያቀርባል፤ እርማት ይሰጠዋል፤ ያርማል። ጥናቱ ሰውን የሚመለከት ከሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ ይጠብቃል። ከዚያ የኮሌጁ ገምጋሚዎች ያዩታል፤ የውል ስምምነት ይፈረማል፤ የቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል፤ ፋይናንስ ክፍል ሰነዱን ይመረምራል። እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሲደማመሩ ግን ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከበዓለ ጥምቀት በኋላ ነው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የሒሳብ መዝጊያ ይጠብቃል። ተማሪው የወሰደውን ገንዘብ ከሰኔ 30 አስቀድሞ ማወራረድ አለበት፤ በጊዜው ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ለተማሪውም ለአማካሪውም ዕዳ ነው፤ ሥራ ላይ ያልዋለ የመንግሥት በጀትም ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ «የአንድ ዓመት ድጋፍ» ተብሎ የተፈቀደው ገንዘብ በተግባር ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚያገለግል የአራት ወር ድጋፍ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብሩ ርዝመት ይጨመራል። በሁለት ዓመት መርሐ ግብር ውስጥ አንድ ተማሪ የሚያገኘው ክረምት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት መካከል ያለው ነው። ድጋፉ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ፕሮፖዛሉ ለጸደቀለት ተማሪ ነው፤ ፕሮፖዛል የሚጸድቀውም በሁለተኛው ዓመት ነው። ተማሪው ለማመልከት ብቁ በሚሆንበት ጊዜ ያለው አንድ ክረምት አልፏል፤ የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይመረቃል ተብሎ ይጠበቃል።

ክረምቱ የማይጠብቃቸው ጥያቄዎች

ይህ ጉዳይ የሁሉንም ዘርፍ ተማሪ እኩል አይነካም። በትምህርት ቤት የመማር ማስተማር ሂደትን የሚያጠና ተማሪ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይመቸዋል፤ ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸውና። በቤተ መዛግብት የሚሠራ የታሪክ ተማሪም ወሩ ብዙም አያስጨንቀውም። እንዲያውም ወደ ሩቅ ገዳማት የሚጓዝ የብራና ጽሑፍ አጥኚ በጋውን ይመርጣል፤ መንገዱ የሚያልፈው ያኔ ነውና።

የጤፍን አዘራር የሚያጠና ተማሪ ግን ማሳ ላይ መገኘት ያለበት በሐምሌ ነው። የስንዴ ዋግን የሚከታተል ተማሪ ሰብሉ አረንጓዴ ሳለ ካልተገኘ ገለባ ላይ የሚያነበው ነገር የለውም። የአፈር መሸርሸርን መጠን የሚለካ ተማሪ ደለሉን ማግኘት የሚችለው ጎርፉ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በመጋቢት የሚያገኘው ደረቅ ቦይ ነው። ዋናው የወባ መተላለፊያ ወቅት ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፤ በመጋቢት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ተማሪ የሚያገኘው መዝገቡን እንጂ በሽተኛውን ላይሆን ይችላል። የባህል ጥናትም ከዚህ አያመልጥም። ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለልና አሸንዳ የሚከበሩት ከነሐሴ 16 ጀምሮ ነው፤ መስቀል መስከረም 17 ነው። ዘፈኑንና ጭፈራውን በቦታው ተገኝቶ መቅዳት የሚሻ የፎክሎር ተማሪ ለድጋፍ ማመልከቻ ብሎ በዓሉን ወደ ሚያዝያ ሊያዛውረው አይችልም።

እንግዲህ የአገሪቱ ተፈጥሮና ባህል ለአጥኚ ብዙ ነገር የሚያሳዩበት ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ወቅት፣ የቆየው በጀት ተዘግቶ አዲሱ ገና ያልተንቀሳቀሰበት፣ ኮሚቴዎች የተበተኑበት፣ ፈራሚዎች እረፍት የወጡበት ወቅት ነው። ይህ መገጣጠም ማንም አስቦበት ያደረገው አይደለም፤ ውጤቱ ግን ታስቦ ከተደረገ ውሳኔ አያንስም። ተማሪው ማሳ ላይ የሚደረግ ሙከራን ትቶ ስለ ማሳው አርሶ አደሩን በመጠይቅ ይጠይቃል። ደለል መለካትን ትቶ ስለ ደለል የነዋሪውን አመለካከት ያጠናል። በዓሉን መቅዳት ትቶ በዓሉን የሚያስታውሱ ሰዎችን በከተማ ያነጋግራል። የአመለካከት ጥናት በራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ የሚያሳዝነው አጥኚው የመረጠው ለጥያቄው ስለሚስማማ ሳይሆን ለሒሳብ መዝጊያው ስለሚስማማ ሲሆን ነው። በዚህ መንገድ የጥናቱን ጥያቄ የሚመርጠው ተማሪውም አማካሪውም ሳይሆን የገንዘብ መልቀቂያው ቀን ይሆናል።

የበጀት ሠንጠረዡ ጨዋታ

የድጋፍ ማመልከቻው ቅጽ በራሱ ሌላ ትምህርት ያስተምራል፤ ያውም መልካም ያልሆነ። በብዙ ተማሪዎች ዘንድ የጠየቁት ገንዘብ እንደሚቀነስ የታወቀ ነው። በገምጋሚዎችም ዘንድ ተማሪዎች አስፍተው እንደሚጠይቁ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተማሪው ይቆረጣል ብሎ ይጨምራል፤ ገምጋሚው ጨምሯል ብሎ ይቆርጣል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ሁለት ተማሪዎች ለሥራቸው በእውነት 30,000 ብር ያስፈልጋቸዋል እንበል። አንደኛዋ 30,000 ትጠይቃለች፤ ሁለተኛው 45,000 ይጠይቃል። ኮሚቴው በጀቱ ስለማይበቃ ከሁሉም ላይ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። እውነተኛዋ 20,000 ታገኝና ናሙናዋን ትቀንሳለች፤ ያጋነነው ልክ 30,000 ያገኝና ሥራውን በሙሉ ይሠራል። ገና የምርምር ሥነ ምግባርን በመማር ላይ ላለ ተማሪ ይህ የመጀመሪያው ተግባራዊ ትምህርት ነው። ኮሚቴው ክፋት አላሰበም፤ ሁሉንም በእኩል መጠን መቀነስ ፍትሐዊ መስሎ ታይቶታል። በእኩል መጠን መቀነስ ግን በእኩልነት ማየት አይደለም፤ የእያንዳንዱን ጥያቄ መጠን ሳይመረምሩ ማለፍ ነው።

መዘግየቱ ይህን ጨዋታ ያባብሰዋል። በማመልከቻው ቀን የተጻፈ ዋጋ በግዥው ቀን አይገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ የ200 ዶላር የላቦራቶሪ ኬሚካል በቀድሞው ተመን 11,400 ብር ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲገባ 20,000 ብር ሆነ። በ2016 የጸደቀ በጀት ይዞ በ2017 ወደ አቅራቢ የሄደ ተማሪ ያቀደውን ግማሽ ያህል ብቻ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን የዋጋ ለውጥ አስቀድሞ ማወቅ የሚችል ተማሪ የለም። የቻለ ቢኖር በጀቱን አጋንኖ የጻፈው ብቻ ነው።

ደረሰኝ የሌለው መንገድ

ገንዘቡ በደረሰ ጊዜም ችግሩ አያበቃም። የመንግሥት ገንዘብ ወጪ የሚደረገው በግዥ ሥርዓት ነው፤ ለአነስተኛ ግዥ እንኳ የሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ማቅረብ የተለመደ ነው። ወጪው የሚረጋገጠውም በሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ይህ ሥርዓት ለወንበር፣ ለኮምፒውተርና ለወረቀት ግዥ የተዘረጋ ነው፤ ለዚያም ተገቢ ነው። ተማሪው ግን ከወረዳው ከተማ እስከ ጥናቱ ቀበሌ በሞተር ሳይክል ጀርባ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ይከራያል ወይም መንገድ የሚያሳየው ወጣት ይዞ በእግሩ ይጓዛል። ባለ በቅሎው ደረሰኝ አይቆርጥም። ለመጠይቅ ግማሽ ቀን ሥራቸውን የፈቱ አርሶ አደር ለተሰጣቸው ቡናና ስኳር ማኅተም ያለው ወረቀት አይሰጡም።

በዚህ ጊዜ ተማሪው ሦስት መንገድ አለው። ወጪውን ከኪሱ ይሸፍናል፤ ወይም ደረሰኝ ወደሚገኝበት ወደ አስፋልቱ ዳር ቀበሌ ጥናቱን ያዞራል፤ ወይም ካልገዛው ነገር ደረሰኝ ይፈልጋል። አንደኛው ኪስ የሌለውን ያገላል። ሁለተኛው የአገሪቱን የምርምር ካርታ በዋና መንገዶች ዳር ብቻ ያስቀራል። ሦስተኛው እውነተኛን ሰው ሐሰተኛ ሰነድ ያስይዛል። ከሦስቱ አንዱም ሥርዓቱ ሊጠብቀው ከተዘረጋለት የሕዝብ ገንዘብ ተጠያቂነት ጋር አይሄድም።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ለዚህ ሁሉ ክብደት ያለው መልስ አለ። የበጀት ዓመቱና የፋይናንስ ሕጉ የአገር ሕግ ናቸው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሊለውጣቸው አይችልም። የሕዝብ ገንዘብ ያለ ማስረጃ ሊወጣ አይገባም፤ የፋይናንስ ክፍሉ ባለሙያም በኦዲት የሚጠየቀው እርሱ ነውና ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ደግሞም ጊዜውን በአግባቡ ያልተጠቀመ፣ ፕሮፖዛሉን አዘግይቶ ያቀረበ ተማሪ ጥፋቱን በበጀት ላይ ማላከክ ይቀናዋል።

ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ የመጨረሻው በተለይ። ሆኖም እዚህ የተነሣው ችግር ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅን አይጠይቅም። ጥሪው በየትኛው ወር ይውጣ፣ ማን ለማመልከት ብቁ ይሁን፣ ገምጋሚዎች በምን ቅደም ተከተል ይመልከቱ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱና የገንዘብ ግምገማው ጎን ለጎን ይሂዱ ወይስ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ የሚሉት ጥያቄዎች የሚወሰኑት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለ መመሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከግምጃ ቤት ከሚመጣው በጀት ሌላ የውስጥ ገቢም አላቸው። በ2015 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ራስ ገዝነት የሚመለከት አዋጅ ወጥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲከተሉ ታቅዷል። ራስ ገዝነት ለተማሪው ትርጉም የሚኖረው ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ወር ሲገኝ ነው።

በቅጹ ላይ አንድ መስመር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ማሻሻያ ትንሽ ነው። በድጋፍ ማመልከቻው ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የዚህ ጥናት መረጃ ከመቼ እስከ መቼ ሊሰበሰብ ይችላል? ወቅቱ ቢያልፍ ምን ይቀራል?» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የግምገማውንና የክፍያውን ቅደም ተከተል ይወስን። መረጃዋ በመስከረም የሚያልፍባት ተማሪ መረጃው ዓመቱን ሙሉ በመደርደሪያ ከሚጠብቀው ተማሪ በፊት ትታይ። ይህ ለአንዱ ዘርፍ ማዳላት አይደለም፤ መጠበቅ የማይችለውን ማስቀደም ነው። ሐኪም ቤት ድንገተኛ ታካሚን የሚያስቀድመው ሌላውን ንቆ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ወቅትን ለሚከተሉ ጥናቶች ጥሪው በጥር ወጥቶ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከአማካሪያቸው ጋር በሁለት ገጽ አሳብ እንዲያመለክቱ መፍቀድ ነው። ውሳኔው በሚያዝያ ቢሰጥ፣ ድጋፉን በሁለት ከፍሎ ዕቃና ኬሚካል የሚገዛበትን ከሰኔ 30 በፊት በተያዘው በጀት መፈጸም፣ የመስክ ወጪውን ደግሞ ለክረምቱ ከውስጥ ገቢ ቀድሞ ሰጥቶ በአዲሱ በጀት መተካት ይቻላል። በዚህ መንገድ ያቺ አንዲት ክረምት ለምርምር ትተርፋለች።

ሦስተኛው፣ የመስክ ወጪ በቀንና በርቀት ተሰልቶ በቁርጥ እንዲከፈልና ተማሪው በሰበሰበው መረጃ፣ በመስክ መዝገቡና ጥናቱ በተካሄደበት ቀበሌ ማረጋገጫ እንዲያወራርድ ነው። ለሠራተኛ የውሎ አበል በቀን ተሰልቶ የሚከፈልበት ልማድ ስላለ ነገሩ ለፋይናንስ ክፍል እንግዳ አይሆንም። ለሕዝብ ገንዘብ ከተሰበሰበ መረጃ የተሻለ ደረሰኝ ማግኘት ይከብዳል።

አራተኛው፣ ገምጋሚዎች በጅምላ መቁረጥን ትተው በየመስመሩ ምክንያት እየጻፉ እንዲቀንሱ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ለሁሉም ግማሽ ጥናት ከማድረስ ለተወሰኑት ሙሉ ጥናት ማድረስ ይሻላል፤ ላልተመረጡትም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣቸው።

እነዚህ የተቋማት ድርሻ ናቸው። ተማሪው የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ «በጊዜና በገንዘብ እጥረት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መተው። በምትኩ የሆነውን ይጻፍ፦ ድጋፉ የተጠየቀው በዚህ ወር ነው፤ የጸደቀው በዚህ፤ እጅ የገባው በዚህ፤ በመካከሉ ይህ ወቅት አልፏል፤ ስለዚህ ከታሰቡት ቀበሌዎች እነዚህ ቀርተዋል፤ ጥያቄውም ከዚህ ወደዚህ ተለውጧል። አራት ወይም አምስት መስመር አይፈጅም። የአንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አቤቱታ ሊመስል ይችላል፤ በአንድ ኮሌጅ የተመረቁ ተማሪዎች ሁሉ ለጥቂት ዓመታት ቢጽፉት ግን ማንም ኮሚቴ ሊቆጥረውና ሊያስተያየው የሚችል መረጃ ይሆናል። ያኔ «የጥናቱ ውሱንነት» የሚለው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ይነበባል፤ ምን እንዳልተጠናና ለምን እንዳልተጠናም ይታወቃል።